ተልባችን ተከሰሰ፤ ጡታችንን ግን ማን መረመረ?

ለክፍለ ከተማችን ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ግልባጭ፦ ለወረዳው ጤና ጣቢያ፣ ለወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት፣ ለሰፈሩ ነዋሪዎች
ጉዳዩ፦ ተልባ፣ ሰሊጥና አኩሪ አተርን ከጡት ካንሰር ጋር ያያዘው ማስታወቂያ እንዲነሳና በጤና ጣቢያችን የጡት ምርመራ እንዲጀመር ስለመጠየቅ

የተከበሩ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍልዎ በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ከጋራ መኖሪያ ሕንፃዎቹ ጀርባ ባለች ሼድ ውስጥ ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ሱፍና ተልባ እያዘጋጀን የምንሸጥ የባልትና ማኅበር አባላት ነን። አብዛኞቻችን የልጆች እናቶች ነን፤ ከመካከላችን የጡት ካንሰር ታክመው በክትትል ላይ ያሉ እኅቶችም አሉ። እኔ የማኅበሩ ጸሐፊ በነርስነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። ደብዳቤውን ያረቀቅሁት እኔ ብሆንም በስብሰባ ተነቦ የጸደቀ የሁላችን ቃል ነው። አስቀድመን ማመልከቻ አስገብተን ነበር፤ መዝገብ ቤት ገባ፣ ቁጥር ተሰጠው፣ ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፋ። ወደ አደባባይ የወጣነው ለዚህ ነው።

በጥቅምት ወር የጡት ካንሰር ግንዛቤ ማስጨበጫ ሲካሄድ የጤና ጣቢያው ግቢ በሮዝ ፊኛና በሮዝ ሪባን አሸብርቆ ነበር። እኛም ተጠርተን ተገኝተናል። በዚያው ሰሞን በካርድ ክፍሉ መስኮት፣ በዋናው በርና በወረዳው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ማኅተም ያረፈበት ማስታወቂያ ተለጠፈ። ተልባ፣ ሰሊጥና አኩሪ አተር የሴት ሆርሞን ስላለባቸው የጡት ካንሰር እንደሚያመጡ ይናገራል፤ ሴቶችም ከእነዚህ ምግቦች እንዲቆጠቡ ያሳስባል። የነቢያት ጾም ሊገባ ሲል ደግሞ በእሁድ ገበያው ላይ ተልባና የአኩሪ አተር ዱቄት እንዳናቀርብ በቃል ተነገረን። የጽሑፍ ትእዛዝ ጠየቅን፤ የሚሰጠን አላገኘንም።

የገበያውን ነገር በአጭሩ እንለፈው። በጾም ወራት ከሽያጫችን ትልቁን ድርሻ የሚይዙት ተልባና ሱፍ ናቸው። ከእህል በረንዳ በዱቤ ያመጣነው ተልባ እስከዛሬ በጆንያው ተቀምጧል፤ ዕዳውን የምንከፍለው ከዕቁባችን ነው። ጉዳዩ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከገበያው አስተባባሪዎች ጋር ተነጋግረን እንጨርሰው ነበር። ለጤና ጽሕፈት ቤት የምንጽፈው ማስታወቂያው በሰፈራችን ሴቶች ላይ ያደረሰውን በዓይናችን ስላየን ነው። ቅሬታችን «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» ተብሎ እንዳይታለፍ አደራ እንላለን።

የመጀመሪያው ቅሬታችን ማስታወቂያው ስሕተት መሆኑ ነው። ከእውነት የተቆነጠረ ነገር ስላለበት ደግሞ ስሕተቱ በቀላሉ አይያዝም። በእነዚህ እህሎች ውስጥ ፋይቶኢስትሮጅን ወይም የዕፅዋት ኢስትሮጅን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች በእርግጥ አሉ። በአኩሪ አተር ውስጥ ያሉት አይሶፍላቮን ይባላሉ፤ ዋና ዋናዎቹ ጄኒስታይንና ዳይድዜይን ናቸው። በተልባና በሰሊጥ ውስጥ ያሉት ሊግናን ይባላሉ፤ ከሚታወቁት ምግቦች ሁሉ በሊግናን ብዛት ተልባን የሚያህል የለም። የአንጀታችን ባክቴሪያዎች ይህን ሊግናን ኢንቴሮላክቶን ወደሚባል ነገር ይለውጡታል። የእነዚህ ሁሉ ቅርጽ የሴቷ እንቁልጢ (ኦቫሪ) ከሚያመነጨው፣ ኢስትሮጅን ከሚባለው የሴት ሆርሞን ጋር ስለሚመሳሰል በሕዋሳት ላይ ካሉት የኢስትሮጅን ተቀባዮች ጋር ሊጣበቁ ይችላሉ። የማስታወቂያው ጸሐፊ እዚህ ድረስ አንብቦ ብዕሩን ያነሣ ይመስለናል።

ቀሪውን እኛ እንጨምርበት። የዕፅዋቱ ኢስትሮጅን ኃይል ከሰውነታችን ዋና ኢስትሮጅን፣ ከኢስትራዲዮል ጋር ሲነጻጸር እጅግ ደካማ ነው። ተቀባዩም አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ አልፋና ቤታ የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች አሉት። ቤታ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። የጡት ሕዋስ እንዲባዛ በዋናነት የሚገፋው አልፋ ሲሆን አይሶፍላቮኖች ግን ይበልጥ የሚያዘነብሉት ወደ ቤታ ነው። ስለዚህ «ሆርሞን አለበት» ብሎ ወዲያው «ካንሰር ያመጣል» ማለት በመካከል ያለውን ሰፊ መንገድ መዝለል ነው።

ፍርሃቱ የመጣው ከቤተ ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ተመራማሪዎች የበሽታ መከላከል አቅማቸው የተዳከመና እንቁልጢያቸው የወጣ አይጦች ላይ የሰው የጡት ካንሰር ሕዋስ ተክለው ጄኒስታይን ሲመግቧቸው ዕጢው አደገ። ይህ ሊናቅ የማይገባው ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ሐኪሞች ለዓመታት መጠንቀቃቸውም ያስመሰግናቸዋል። ነገር ግን አይጥ አይሶፍላቮንን በሰውነቷ የምታስተናግደው እንደ ሰው አይደለም። በሴቶች ላይ የተደረጉት ጥናቶችም ሌላ ነገር አሳዩ። በቻይና ሻንጋይ የጡት ካንሰር ታክመው የነበሩ 5,042 ሴቶችን የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል፤ አኩሪ አተርን አብዝተው የሚመገቡት ሴቶች ጥቂት ከሚመገቡት ይልቅ የሞታቸው መጠን በ29 በመቶ፣ የካንሰሩ መመለስ ደግሞ በ32 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 ከአሜሪካና ከቻይና የተሰበሰበ የ9,514 ሴቶች መረጃም ወደዚያው አመለከተ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር ባወጣው መመሪያ የአኩሪ አተር ምግብ የካንሰሩን መመለስ እንደሚያባብስ የሚያሳይ ማስረጃ በሰው ላይ አለመገኘቱን ገልጿል።

ስለ ተልባም እንዲሁ። በካናዳ ቶሮንቶ፣ ቀዶ ሕክምና በሚጠባበቁ የጡት ካንሰር ታማሚዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት አለ። በየቀኑ 25 ግራም ተልባ የገባበት ኬክ የበሉት ሴቶች የዕጢያቸው ሕዋሳት የመባዛት ፍጥነት ቀንሶ ታይቷል። ጥናቱ 32 ሴቶችን ብቻ ያቀፈ ትንሽ ጥናት ነው። በእርሱ ተመርኩዘን ተልባ ካንሰርን ያድናል ብንል እኛም እንደ ማስታወቂያው ጸሐፊ እንሳሳታለን። ተልባ ምግብ ነው። ምጣድ ላይ ሲንጣጣ ወዲያው ካልወረደ የሚያርር፣ በሰፌድ ተነፍቶ ሲፈጭ ቅባቱ ከእጅ የማይለቅ፣ በጾም ቀን ከእንጀራ ጋር ተፈትፍቶ የሚቀርብ፣ ለአራስና ለጨጓራ ሕመምተኛ የሚበጠበጥ የአያቶቻችን ምግብ ነው። ጥንቃቄ የሚያሻው ከሆነ ጥንቃቄው ሌላ ነው። ሳይፈጭ ከተዋጠ ፍሬው አብዛኛውን ጊዜ እንዳለ ስለሚወጣ ጥቅሙ ያንሳል፤ ያለ በቂ ውኃ ከተወሰደ ሆድ ያደርቃል፤ ልጋጉ የመድኃኒትን መግባት ሊያዘገይ ስለሚችል ከኪኒን ጋር በአንድ ጊዜ ባይጠጣ ይመረጣል። ከምግቡ ተነጥሎ፣ ተከማችቶና በካፕሱል ታሽጎ የሚሸጠው አይሶፍላቮን ደግሞ ከአኩሪ አተር ሽሮና ወተት ጋር አንድ ተደርጎ መታየት የለበትም። የጡት ካንሰር ያለባት ሴት ይህን ያለ ሐኪም ምክር መውሰድ አይኖርባትም። ማስታወቂያው ስለ እነዚህ አንድም ቃል የለውም።

ስለ አልኮልም ዝም ብሏል። አልኮል የጡት ካንሰር መንስኤ መሆኑ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተረጋገጠ ነው። ካረጡ በኋላ ከመጠን በላይ መወፈርና ያለ እንቅስቃሴ መዋልም አደጋውን ይጨምራሉ። ከጤና ጣቢያው ማዶ ቢራ ቤቶች ተደርድረው ሳለ የተከሰሰችው የተልባ ብርጭቆ ናት።

ሁለተኛው ቅሬታችን ማስታወቂያው ያደረሰው ጉዳት ነው። አንዲት የመጀመሪያ ልጇን የወለደች የሰፈራችን ልጅ በአራስነቷ እናቷ አጃና ተልባ እያፈራረቁ ያጠጧት ነበር። ማስታወቂያውን ለክትባት ሄዳ አነበበች። «የጠጣሁት ሆርሞን በወተቴ በኩል ሴት ልጄ ውስጥ ገባ» ብላ ደነገጠችና ጡት ማጥባቷን አቆመች። ሕፃኗ ሦስት ወሯ ነበር። እናቷ እያለቀሱ ወደ ሼዳችን ሲመጡ ወተቱ ደርቆ፣ ጡቷ አብጦና ትኩሳት ይዟት አገኘናት። ገንዘቡን ለዱቄት ወተት ያወጣው ደግሞ የቀን ሠራተኛው ባሏ ነው።

የተከበሩ ኃላፊ፣ ማጥባት እኮ ራሱ ከጡት ካንሰር ይከላከላል። እ.ኤ.አ. በ2002 በ30 አገሮች የተደረጉ 47 ጥናቶችን አንድ ላይ ያጠና ቡድን እንዳረጋገጠው፣ አንዲት ሴት በዕድሜዋ ባጠባችው በእያንዳንዱ 12 ወር የጡት ካንሰር ዕድሏ በ4.3 በመቶ ይቀንሳል። የጡት ካንሰርን ለመከላከል የወጣ ማስታወቂያ አንዲትን እናት ከማጥባት አስቁሟታል። ይህን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ በነርስነት ዘመኔ ሁሉ እናቶችን አጥቡ እያልኩ የኖርኩ ሴት ነኝ።

ሌላዋ የማኅበራችን አባል ናት። ቀዶ ሕክምናና ኬሞቴራፒ ጨርሳ ታሞክሲፈን የሚባለውን ኪኒን በየቀኑ ትወስዳለች። ማስታወቂያው በወጣ ሰሞን ሁለት ተቃራኒ ወሬዎች ደረሷት። ጤና ጣቢያው «ተልባ ካንሰር ነው» አለ። አንድ በየቤቱ እየዞረ የተፈጨ ቅጠልና ዘር የሚሸጥ ሰው ደግሞ «ሆርሞን ካለበት እንግዲያው የሆርሞን መድኃኒቱን ይተካል፤ ኪኒኑን ተዪው» አላት። ግራ ገባት። የሚያስረዳት ባለሙያ ፈልጋ በጤና ጣቢያው ተሰልፋ ስትጠብቅ ዋለች፤ «እኛ የምናውቀው የተለጠፈውን ነው» ተብላ ተመለሰች። ኪኒኑን አቋረጠች። እኛ ያወቅነው ሳጥኑን በሼዱ መደርደሪያ ላይ ሳይከፈት ስናየው ነው፤ አሁን ወደ ሐኪሟ ተመልሳ ጀምራለች።

ታሞክሲፈን የሚሠራው የኢስትሮጅን ተቀባዩን በመዝጋት ነው። ካንሰራቸው ይህ ተቀባይ ያለበት ሴቶች መድኃኒቱን ለ5 ዓመት በተከታታይ ሲወስዱ መውሰድ ከጀመሩበት ጊዜ አንስቶ ባሉት 15 ዓመታት በበሽታው የመሞት ዕድላቸው በሲሶ ገደማ ይቀንሳል። በአገራችን ከሚታዩት የጡት ካንሰሮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ይህ ተቀባይ ያላቸው ናቸው። እንዲህ ያለ መድኃኒት በእጇ ያላት ሴት በግማሽ እውነት ተደናግራ ስታቋርጠው ተጠያቂው ዟሪው ነጋዴ ብቻ ነው ብለን አናምንም። እርሱ ንግግሩን የጀመረው ከእናንተ ማስታወቂያ ነው።

ሦስተኛዋን ሴት ሁሉም የሰፈሩ ሰው ያውቃታል፤ በአስፋልቱ ዳር ጀበና ቡና ታፈላለች፤ ገና አርባ አልሞላትም። ልጇን ስታጥብ በግራ ጡቷ ላይ ጠጠር መሰል ነገር በክንዷ ነካችና ጤና ጣቢያ ሄደች። «ተልባ ትጠጫለሽ?» ተብላ ተጠየቀች። በጾም የማይጠጣ ማን አለ? «እሱን ተዪና ጾሙ ሲያልቅ ተመለሺ» ተባለች። ልብሷን ገልጦ ያያት፣ በእጁ የዳሰሳት ሰው አልነበረም። በካርዷ ላይ የተጻፈው «የአመጋገብ ምክር ተሰጥቷል» የሚል ነው። ከወራት በኋላ ቡናዋን ልጠጣ ሄጄ ሳለሁ ወደ ጓዳዋ ጠርታ አሳየችኝ። ቆዳው ወደ ውስጥ ተስቦ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሆኗል። እብጠቱ ጠንካራ ነው፣ ዳር ዳሩ ያልተስተካከለ፣ በጣት ሲገፉት ከቦታው የማይነቃነቅ። በብብቷ ሥርም ሌላ አለ። አሁን ኬሞቴራፒ ላይ ናት፤ ቡናውን ታናሽ እኅቷ ታፈላለች።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች አዲስ የጡት ካንሰር እንደያዛቸው ተገምቷል። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች ሁሉ ቀዳሚው ይኸው ነው። ብዙዎቹ ሕክምና ቦታ የሚደርሱት በሽታው ከተሰራጨ በኋላ ነው። ብዙዎቹም ዕድሜያቸው ከ50 በታች የሆነ፣ ልጅ የሚያሳድጉ ሴቶች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባስጀመረው የጡት ካንሰር ንቅናቄ ግልጽ ግብ አስቀምጧል፤ ከታማሚዎቹ ቢያንስ 60 በመቶ የሚሆኑት በሽታው ገና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች ላይ ሳለ እንዲገኝላቸው፣ ምርመራው አንዲት ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ከቀረበችበት ቀን አንስቶ በ60 ቀናት ውስጥ እንዲጠናቀቅ፣ 80 በመቶው ሕክምናቸውን እንዲጨርሱ ይላል። የቡና ሻጯ 60 ቀናት ያለቁት ተልባ በመተው ነው።

እኛ ከከተማው መሐል ርቀን የምንኖር ሰዎች ነን። ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ለመድረስ መጀመሪያ መገናኛ፣ ከዚያ ሌላ ታክሲ፣ ከዚያም ሌላ እንይዛለን። ቀኑ ያልቃል፤ የቀኑ ገቢም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ለእኛ ሴቶች የመጀመሪያዋም የመጨረሻዋም በር ጤና ጣቢያዋ ናት። በዚያ በር ላይ የሚያስፈልገን የሠለጠነ እጅ ነው። በእጅ የሚደረግ የጡት ምርመራ ማሽን አይጠይቅም፤ መጋረጃ፣ አልጋ፣ የሠለጠነች ነርስና ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ከሚገኙት እብጠቶች አብዛኞቹ ካንሰር አይደሉም። ይህን ሰምታ እፎይ ብላ የምትመለሰውም ሴት ብዙ ናት። ለፊኛና ለባነር በጀት ሲገኝ ለአንዲት ክፍል መጋረጃ ጠፋ መባሉን ልንቀበለው አልቻልንም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው።

ማስታወቂያው ከሁሉም ቦታ ይነሳ። ማንሳት ብቻውን አይበቃም፤ በማኅተም የወጣ ስሕተት በማኅተም ይታረም። በእርማቱ ላይ ተልባ፣ ሰሊጥና አኩሪ አተር በምግብነታቸው የጡት ካንሰር ያመጣሉ የሚያሰኝ ማስረጃ እንደሌለ፣ የካንሰር መድኃኒትም እንዳልሆኑ፣ የሚያጠቡ እናቶች ማጥባታቸውን እንዲቀጥሉ፣ ታሞክሲፈን የሚወስዱ ሴቶችም ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳያቋርጡ በግልጽ ይጻፍ። በአማርኛም በኦሮምኛም ይሁን፤ ከለገጣፎ በኩል የሚመጡ እናቶች በዚሁ ጤና ጣቢያ ይታከማሉና።

በጤና ጣቢያችን ቢያንስ በሳምንት አንድ የታወቀ ቀን ለጡት ምርመራ ይመደብ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቻችን በየቤቱ ይዞራሉ፤ በየጓዳችን ይገባሉ፤ ሴቶቹ ያምኗቸዋል። እነርሱ የጡት ለውጥ ምልክቶችን ለይተው እንዲያስተምሩና እንዲልኩ ሥልጠና ይሰጣቸው። እብጠት ያለባት ሴት በሪፈር ወረቀት ብቻ እንዳትሸኝ፤ መድረሷን፣ ናሙና መወሰዱን፣ ውጤቷ መምጣቱን የሚከታተል ሰው በስሙ ይመደብ። በ60 ቀን ውስጥ ያላለቀ ጉዳይ ለጽሕፈት ቤትዎ ሪፖርት ይደረግ።

የቡና ሻጯ ካርድ ይመርመር። ማንም እንዲቀጣ አንጠይቅም፤ አንዲት ሴት እብጠት አለብኝ ብላ መጥታ ሳትዳሰስ እንዴት እንደተመለሰች ይታወቅ፣ ሁለተኛም እንዳይደገም መመሪያ ይውጣ። ይህን የምንለው በእርሷ ፈቃድ ነው።

በየቤቱ እየዞሩ የካንሰር መድኃኒት ነው እያሉ ዘርና ቅጠል የሚሸጡትን፣ በየሱቁ ያለ ማዘዣ የሚሸጠውን የሆርሞን ካፕሱልም ጽሕፈት ቤቱ ከሚመለከተው አካል ጋር ሆኖ ይቆጣጠር። ከእኛ በኩል በእሽጎቻችን ላይ «በቂ ውኃ ይጠጣበት፤ ከመድኃኒት ጋር በአንድ ጊዜ አይወሰድ» የሚል ጽሑፍ ለማተም ተስማምተናል፤ የእናንተ ባለሙያ ቃሉን አይቶ ቢያርመው ደስ ይለናል።

በእሁድ ገበያው ላይ የተጣለብን የቃል ክልከላ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ይነሳ። የሚነሳ ካልሆነ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠን።

የምርመራ ክፍሉ መጋረጃና አልጋ ከጎደለው ማኅበራችን መጋረጃውን ሰፍቶ፣ አልጋውን ከዕድራችን ጋር ተባብሮ ለማቅረብ ዝግጁ ነው። ነርሷን ግን እናንተ መመደብ አለባችሁ። ለዚህ ደብዳቤ መልሱን በጽሑፍ፣ ቀኑ ተጠቅሶ፣ በማኅበራችን አድራሻ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር

የባልትና ማኅበሩ ጸሐፊ፣ በጡረታ ላይ ያለች ነርስ
የማኅበሩ ሰብሳቢ
በማኅበሩ ውስጥ የጡት ካንሰር ታክመው በክትትል ላይ ያሉ አባላት